የጋራዡ ወለል

አቡ ሙሰለም ጠራኝ፤ ሱሐር በሐምሌ ይግላል፣
ናሙና ደርድሮ «ለጋራዡ የቱ ይሻላል?»

ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው ግን አይቀመስ፤
ክሪክ ያረፈበት ዕለት ይላል ፍርክስክስ።
ኤፖክሲው ያምራል፤ ግን ከአስፋልት ሲገባ
የጋለው ጎማ ልጦት ይሄዳል እንደ ሌባ።
ሊሾ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፤ ደህና ይለሰንና
ሳምንት ውሃ ይጠጣ፣ ሲጠጣ ይጠናልና።

«በምን አወቅህ?» ቢለኝ «በልምድ ነው» አልኩት፤
ሌላውን ዋጥኩት።
የክፍሌ ኤሲ በሰኔ ከተበላሸ ወዲህ
ፍራሼን ጎትቼ የማድረው እዚህ፤
የቱ ጋ እንደሚቀዘቅዝ፣ የቱ ጋ እንደጎረበጠ
ጀርባዬ ያውቀዋል፣ እየተገላበጠ።

«ሊሾ ይሁን» አለ፤ «ሳምንት እንዳይረገጥ፤
መኪናዋ ወንድሜ ጋ ጥላ ሥር ትቀመጥ።»
ስልኩን እየደወለ ወደ ቤት ገባ ቶሎ፤
ማደሪያ ማጣቴ ያኔ ታየኝ ወለል ብሎ።