የሸዋንግዛው ደብተር

በጓሳ ሜዳ ላይ፣ ውርጩ ሳይለቅ ከሣር፣
ሸዋንግዛው ቁጭ አለ፣ ቀበሮ ሊቆጥር፤
ጉልበቱ ላይ ደብተር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ፣
ቀዪቱን ጠበቃት፣ ከጅባራው እስክትደርስ።

ብቻዋን ስታድን፦ «አራት ጊዜ ዝላይ፣
አንድ አይጥ አፏ ላይ።»

ኋላ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጡ፣
ሣር እየነጩ ተቀመጡ።
እሷም ገባች መሃል፣ አንገቷን ደፍታ፤
ልጇን ያዘለች እናት አየቻት፣ ተወቻት በዝምታ።

«ሦስት ዝላይ፣ ሁለት አይጥ።» እርሳሱን ላሰና
ቆጠረ እንደገና።
ለምን? አይጡ አይለያት ይሆን? እንጃ።

ነገ ቀጠሮ አለው፣ መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት፣
ከጎረቤቱ ከዘርጋው ጋር፣ በአንድ ክንድ መሬት።
ደብተሩን አጠፈ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ቁጭ አለ፣
«አንዴ ትዝለል» ብሎ፣ ያልጻፈው ነገር ካለ።