አስራ ሁለተኛው ወንበር

እኔ ጠራጊ ነኝ፤ ስኮትላንድ፣ የዳንዲ አደባባይ፣
መጥረጊያዬ ያውቃል ማን ምን እንደጣለ በዚያ ድንጋይ ላይ፤
የሎተሪ ቁራጭ፣ የድንች ጥብስ ወረቀት፣
የእጩዎች ፈገግታ፣ ጫማ ያረፈበት።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት መጣች፣
ሞርቨን ትባላለች፤ በጭነት መኪና ጠረጴዛ አመጣች።
ረጅም ነው፤ ከተዘጋ የጆንያ ፋብሪካ ወለል የተነቀለ ሳንቃ፣
አራት እግር የለውም፤ መሀሉ ላይ አንድ ብረት ብቻ፣ እንደ ሚዛን ጫንቃ።
አስራ ሁለት ወንበር ከግራ ከቀኙ ተያይዞ፣
መካከሉ ላይ ጎድጓዳ ሳህን፣ የወንዙን ውሃ እስከ አፉ ይዞ።

ጽሑፍ የለበትም። «ምረጡ» አይልም።
ቀስት፣ ባንዲራ፣ የፓርቲ ቀለም የለም።
አስራ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ውሃው ይረጋል፤
አንዱ ከጎደለ ሳንቃው ያዘነብላል፤
ውሃውም በቀረው ሰው አይደለም፣
በመጣው ጭን ላይ ይፈሳል።

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር፤ ልጆች ሆን ብለው ይነሱ ነበር።
ፈርኩሃር፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣
ሱሪው ርሶ ተሳደበ፤
በማግስቱ ግን ፎጣ ይዞ መጥቶ እዚያው ወንበር ላይ ጋዜጣ አነበበ።

ባለሱቋ ጉርሊን «ሰላሳ ዓመት ግብር ከፈልኩ» አለች፣
«የመንገዴ መብራት ግን እንደ ጠፋች።»
እሱም «የሚመጣልኝን የምርጫ ካርድ ምድጃ ውስጥ ስከት
ይኸው ስንት ክረምት» አላት።
ተከራከሩ። ውሃው ተንቀጠቀጠ።
ማንም አልተነሳም፤ ነገሩ እንደጦፈ፣ ሰው እንደተቀመጠ።

እኔስ? እኔ ማታ ማታ ሳህኑን እሞላለሁ፣
የእርግብ ኩስ እጠርጋለሁ፣ ወንበር እቆጥራለሁ።
ተቀምጬ አላውቅም። ሥራ ላይ ነኝ፤
ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?
«የኔ ክብደት» እል ነበር «ከላባ አይበልጥም፤
ብቀመጥም ባልቀመጥም ወንዙ መሄዱን አይተውም።»

የምርጫው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ዝናቡ ቀጭን፣ ከጎን የሚመጣ፣
ጃንጥላ የማይገታው፣ ከባሕር የሚወጣ።
አስራ አንድ ሰው ተቀመጠ። ሳንቃው አጋደለና
ውሃው አይሊ ጭን ላይ ወረደ፤ አስራ ስድስት የሞላት ገና፣
የመጀመሪያ ድምፅዋን ልትሰጥ በዚያ ቀን
በትምህርት ቤት ዩኒፎርም የመጣች። ቀና ብላ አየችኝ እኔን።
አልተቆጣችም። አልለመነችም።
«መጥረጊያውን አስደግፈው እንጂ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አስደገፍኩት።

ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር። እውነት ለመናገር
ሳንቃው ትንሽ፣ የጣት ያህል፣ ወደ ፈርኩሃር ያዘነብል ነበር።
ሞርቨን ከጥግ ቆማ «ፍጹም ቀጥ አይልም» አለች፣ «እንዲያ አልሠራሁትም፤
ቀጥ የሚለው ባዶውን ሲሆን ነው።» ያኔ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባሁ፣ መጥረጊያዬን በር ላይ ትቼ፤
እርሳሱ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ያጥራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ከስሞቹ ጎን ጻፍኩ፣ ደጋግሜ አይቼ።
ግድግዳው ላይ ልጆች የሳሉት ዓሣ ይስቃል፤
መጥረጊያ ለለመደ እጅ እርሳስ እንዴት ይቀላል!

አንደኛ ያልኩት ሰው ተሸነፈ። ሦስተኛዬ ገባ።
የጉርሊን መብራት ገና ነው፤ በየወሩ ስብሰባ
ፈርኩሃርን አስከትላ ምክር ቤት ትሄዳለች፣
እሱም ፎጣውን ይዞ፣
ምን እንደሚፈስ አይታወቅምና።

ጠረጴዛው ተነስቷል፤ ሞርቨን ወደ ሌላ ከተማ ወስዳዋለች።
ብረቱ የቆመበት ጉድጓድ ቀርቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣
እርግብ ትጠጣበታለች።
አለቃዬ «ሲሚንቶ ድፈንበት» ብሎኛል።
እሺ ብያለሁ።
አንድ ሁለት ጊዜም ሲሚንቶውን አቡክቼ ነበር።
እስካሁን ግን
ዙሪያውን ብቻ ነው የምጠርገው።