የተከደነ ቀዳዳ

ዓርብ ከሰዓት፣ ቂርያት ጋት፤ ገበያው ሊዘጋ ሲጣደፍ፣
ሻጩ የተረፈ ቲማቲሙን በግማሽ ዋጋ ሲያራግፍ፣
ሁለት እጄ ፌስታል ይዞ፣ አውራ ጣቴ ብቻ ቀርቶ፣
ቁልፉን ጫንኩት። ዝም። ደገምኩት። ዝም፤ እንዳልሰማ ሰምቶ።

ሌላ ቀን እኮ ገና ከሩቅ ሁለት ዓይኑን ይጠቅሰኛል፣
ጆሮውን ዘርግቶ «ጢጥ» ብሎ «ነይ ግቢ» ይለኛል።
ዛሬ ግን ያ ነጭ መኪና፣ የአራት ዓመት ባለውለታዬ፣
አላውቅሽም አለኝ ቆሞ፣ በላብ ሲርስ ጀርባዬ።

ቁልፉን በቀሚሴ ጠረግኩት፣
በትንፋሼ አሞቅሁት፣
ልጄ ሲያደርግ እንዳየሁት በመዳፌ ደበደብኩት፣
መስታወቱ ላይ አስጠግቼ እንደ መታወቂያ አሳየሁት።
ኋላ ዞርኩ በአራቱም በር።
እጀታ አለ፤ ቀዳዳ የለም። ልሙጥ ነው እንደ ወንዝ ድንጋይ፣
ቁልፍ የሚጎርስ አፍ ቀርቶ ጭረት እንኳን የማይታይ።

ከወንበሩ ላይ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች ያቺ ጠርሙስ፣
የማስታምማቸው የወይዘሮ ፍሪዳ የዓይን ጠብታ፣
ሰንበት ሳይገባ የምትደርስ።

«እማ፣ ባትሪው ነው የሞተው፣» አለኝ አቪሻይ ከጦር ሰፈር፣
«ሳንቲም የምታህል ነገር ናት፤ ገዝተሽ ቀይሪው፣ ምን ችግር?»
ከየት? ሱቁ መዝጊያውን ጥሏል። ጎታች መኪናም ደወልኩለት፤
«ሰንበት ሲወጣ» አለኝ ሰውየው፣ አፉ ምግብ እንደሞላበት።

አስረሳው፣ ስሙ ነው እንጂ የረሳው ነገር የለም፣
ከዘራውን አስቀድሞ መጣ፤ ሰላምታ እንኳን አላረዘም።
መኪና ነድቶ አያውቅም። አባቱ ግን ጎንደር ቀጥቃጭ ነበሩ፤
በቀን ማረሻ አሠርቶ፣ ማታ «ጅብ ናቸው» ይላቸው ነበር አገሩ።
«ብረት ያለ መግቢያ አይዘጋም፣» አለኝ ቁልፉን ተቀብሎ፣
«መግቢያው ኖሮ አፍረውበት ነው፤ የሆነ ቦታ አለ ተከልሎ።»

ጥፍሩን ከጎኑ ሰደደ። ቀጭ።
ከፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ የብረት ጥርስ ወጣ፤
አራት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ፣ አብሮኝ ሲሄድ አብሮኝ ሲመጣ፣
አንድም ቀን ሳላየው!

ደግሞ ጎንበስ አለና እጀታውን ከሥር ዳበሰው፣
የጥጃ ጥርስ እንደሚቆጥር፣ ዓይኑን ጨፍኖ አስታወሰው።
ጠባብ ስንጥቅ። የብረቱን ጫፍ ሰክቶ ቀና ቢያደርገው ቀስ ብሎ፣
ክዳኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ወደቀ ተፈንቅሎ።
ከሥሩ ቀዳዳ። ትንሽ። ንጹሕ። እጅ ያልነካው፣
ከተሠራ ጀምሮ እንግዳ ሲጠብቅ የኖረ፣ ማንም ያላንኳኳው።

አዞርኩት፤ ተከፈተ። መኪናው ግን ጩኸቱን ለቀቀው!
ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት «ጋናቪም!» አለች፤ ሌቦች ማለቷ ነው።
ሁለት ጥቁር ሰው፣ ነጭ መኪና፣ ክዳኑ የተነቀለ በር፣
ቁልፉን ከፍ አድርጌ ባሳይ ማን ሊያምነኝ ነበር?
አስረሳው ግን ባርኔጣውን አንሥቶ ለፎቁ ሁሉ እጅ ነሣ፤
ሠርግ ላይ ስሙ እንደተጠራ፣ ቀስ ብሎ ጎብጦ ቀስ ብሎ ተነሣ።

የሞተውን ቁልፍ አፍንጫ ማስነሻው ላይ ብለጥፈው፣
ጩኸቱ ቆመ። ሞተሩ ሊነሣ ሲል፣ የሰንበት ሳይረን ቀደመው።

አጠፋሁት።
ፌስታሎቹን እዚያው ተውኩ። «ጠብታዋን ያዢ፣» አለኝ፣ «መድኃኒት ናት።»
በእግር ሄድን፣ ጥላችን ረዝሞ፣ ምንም ሳንል እስከ ቤት።

እሑድ ጠዋት ባትሪ ገዛሁ፣ አሥራ አምስት ሸቅል ከፍዬ።
መኪናው «ጢጥ» ብሎ ጠቀሰኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።
ቲማቲሙ ሸቷል።
ክዳኑ አሁንም አለ፣ ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ።
አልመለስኩትም።
የሚያየኝ ሁሉ «በርሽ የሆነ ነገር ጎድሎታል» ይለኛል።
አልጎደለውም፣ እላለሁ፤
ድሮም እዚያ ነበር።