ኪራይ የሌላት ወር

መስከረም ጠባና ደብተሬ ተገዛ፤
ሰማያዊ ሽፋን፣ ገጹ ካመት የሚበዛ።
እንደ ወትሮው ጻፍኩት፦ ክፍል፣ ሰፈር፣ ዋጋ፣
ማን መጣ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቆልፎ ዘጋ።
ማራኪ፦ ተማሪው ሲጎርፍ ከነሻንጣው፣
አንድ ክፍል ሦስት ሺህ፤ ሽንት ቤት በጋራ፣
ውኃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሲያመጣው።

ጥቅምት አላማረኝም።
አዘዞ መንገድ ዳር ሁለት መቶ ካሬ፣ ካርታው የጸዳ፣ ዋጋው የሻገተ፤
ሻጩ «ትናንት» ይላል፣ ገዥው «ከነገ ወዲያ»፣
መሐል ስመላለስ ጫማዬ አፍ ከፈተ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሁለት ክፍል ብቻ አከራየሁ፤
ያንዱን ድለላ እስካሁን አላየሁ።

ጥር ግን!
ጥር ላይ ከተማው እንግዳ ሲያረግዝ፣
አልጋ ቤቱ ሞልቶ ሰው በረንዳ ሲይዝ፣
እትዬ አንጓች እንኳ ዶሮዎቿን አስወጥታ
ቤታቸውን ኖራ ቀባች፣
ፍራሽ አነጠፈች፣ ነጠላ ሰቀለች በመጋረጃ ፈንታ።
«ላንድ ሌሊት ስንት ልበል?» አለችኝ ድምጿን አሳንሳ፤
ያልኳትን ቁጥር ስሰማው እኔው አፈርኩ፤
ግን ተከራየ፣ ለሦስት ሰው፣
የዶሮው ሽታ ከግድግዳው ሳይነሳ።

የካቲት። ታቦቱም ገባ፣ እንግዳውም አለፈ፤
የዶሮ ቤቱ ለዶሮ ተመለሰ፣ የኔም ኪስ ተራገፈ።

መጋቢት ላይ አንድ መምህር መጣ፣ ስማቸው ይባላል፣
ሚስቱን፣ ሦስት ልጁንና አንድ የመጽሐፍ ካርቶን ይዞ።
«የደሞዜ ግማሽ፣» አለ፣ «ከዚያ በላይ የለኝም።»
ስድስት ቤት አሳየሁት።
አንዱ «ልጅ አይሆንም»፣ አንዱ «ውኃ ያልቃል»፣
አንዷ «የስድስት ወር ቅድሚያ»፤
ስድስተኛው በር ላይ ትንሿ ልጅ ቀና ብላ
«ጋሼ፣ ያንተስ ቤት የትኛው ነው?» አለችኝ።
ሳቅኩ።
የኔማ የእትዬ አንጓች ግቢ፣
ከዶሮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው።

ደላላ ስትሆን በሰው ቁልፍ ኪስህ ይከብዳል፤
የራስህ የምትለው ግን በውሰት ይንጠለጠላል።

ሚያዝያ፣ ግንቦት፦ ሲሚንቶ ጨመረ፣ ቆርቆሮም ተከትሎ፤
ሳሙና በር የተጀመረው ፎቅ ሁለተኛው ወለል ላይ ቆመ፣
የአናጢው መሰላል እንደ ተደገፈ፣ ካናቱ ጃኬት ተንጠልጥሎ።

ሰኔ ላይ ቤት ሁሉ ምስጢሩን ያወጣል፤
በበጋ «አዲስ ነው» ያልኩት ጣራ
ሌሊቱን ባልዲ ያሰልፋል።
እትዬ አንጓች ጠራችኝ፤ «አንተ ታውቃለህ፣ ገበያው እንዴት አደረ?»
የሙያ ኩራት ይዞኝ፣ ደብተሬን ገልጬ
እንደ ዳዊት ደጋሚ አነበነብኩላት፣ ወር በወር፣ ሰፈር በሰፈር፤
ያንዳንዱ መስመር መዝጊያ «ጨመረ» ነበረ።

በማግስቱ በሬን አንኳኳች።
«እንግዲህ ካፍህ ነው የሰማሁት፣» አለች።
ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ሰባት መቶ ብር።
በራሴ እጅ ጻፍኩት፣ ከሌሎቹ ሥር፦
አንድ ክፍል፣ ጣራው የሚያፈስ፣ ተከራይ ደላላ፣ ጨመረ።
ምን ብዬ ልከራከር? ቁጥሩ የኔው ነበረ።

ሐምሌን አልጻፍኩም። ነሐሴን ጭቃ በላው።

ጳጉሜን መጣች፤
አምስት ቀን፣ ደሞዝ የማያውቃት፣
ኪራይ የማይቆጥራት፣
ባለቤት ነኝ ባይ በር የማያንኳኳባት።
ባዶ ገጽ ገልጬ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፤
እትዬ አንጓች ጥሬ ትበትናለች፣
ከጀርባዬ ባልዲው የቀረውን ጠብታ ይቀበላል፤
በነዚህ ቀኖች ቤቱ የማን እንደሆነ
እኔም እሷም አልጠየቅን።
ስልኬ ጮኸ። መምህሩ ነው፤
«ወንድሜ፣ እንዴት ዋልክ? አገኘህልን?»