ኤ ሦስት ተኩል

ወረቀቱ መጣ፦ «ፊት ጥርስ፣ የላይ፣ የቀኝ፤
ቀለሙ ኤ ሁለት።» አላሳመነኝ።
ወረቀት ምን ያውቃል? ወረቀት አይስቅም፤
ከመስኮት ፊት ቆሞ አፉን አይከፍትም።
ዘንባባው መንገድ ዳር፣ ከክሊኒኩ ጀርባ፣
ክፍሌ አንድ መስኮት ናት፣ የጠዋት ፀሐይ የምታስገባ።
በአምፖል የመረጥኩትን ቀን ያሳብቅብኛል፤
ጨርቅና ጥርስማ በፀሐይ ይለያል።

«ትምጣልኝ» አልኳቸው። መጣች በማግስቱ፣
ደጃፌ ላይ ቆየች ሳይከፈት ቤቱ፤
አንጓች መረብ ጠጋኝ፣ ከሐይቁ ዳርቻ፣
ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ በዓይኗ እያወራች ብቻ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የናይለኑን ክር
በዚያች አንዲት ጥርሷ ስትበጥስ ነበር፤
የጉድጓድ አፍ ድንጋይ ገመድ እንደሚሞርደው፣
የጥርሷንም ጫፍ ክሩ ቦደቦደው።
አንድ ክረምት ደግሞ ከጀልባ ስትወርድ
አዳለጣትና አፏን መታት ግንድ፤
ጥርሷ አልወለቀችም። ውስጧ ነው የሞተው፤
የሐምሌን ሰማይ ነው ቀለሟ የመሰለው።
ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ እልልታዋ ጠፋ፤
ሳቅ ቢመጣ እንኳን መዳፏ ቀድሞ ተደፋ።

«ምን ዓይነት ነጭ ይሁን?» አልኳት፣ ልፈትናት፣
ልኬን ደርድሬላት፣ ከብርሃን ወስጄአት።
«ነጭማ ሳህን ነው» አለች ቆጣ ብላ፤
«የኔን መሳይ ስጠኝ፣ ሃምሳ ዓመት የበላ።»
እውነቷን ነው።
አንዴ ለአንድ ሙሽራ ስድስት ነጭ ሠራሁ፤
ፎቶው ላይ ጥርስ እንጂ ሰውየውን አጣሁ።

«ስንት መረብ ይሆናል?» አለችኝ ዋጋውን፤
ዘጠኝ ብላ ቆጠረች፣ ዘርግታ ጣቷን።
ሻሿን ዝቅ አረገች። ድዷ ተነቅሷል፤
ከልጅነት መርፌ ሰማያዊው ቀርቷል።
ከዚያ አጠገብማ ነጭ ብሰካ ኖሮ
እንደ ቆርቆሮ ነው የሚጮኸው ከሮ።
ፍንጭቷን ለካኋት። የክብሪት እንጨት ናት፤
ሟች ባሏ ከመንደር በዚያች ነው የለያት።

መብራት ሳይሄድ ብዬ ሥራ ጀመርኩ ማታ፤
ዱቄቱን አቦካሁ በውሃ ጠብታ።
አንገቱን ማር አልኩት፣ ሆዱን ደግሞ እርጎ፣
ጫፉን የንጋት ጣና፣ ጉሙ ሽቅብ ዐርጎ።
በቀጭኑ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ፣
አንድ ስንጥቅ ሣልኩ፣ ከሻይ ቀለም ቆንጥሬ።
ሰው እንከኑን ሊጥል ገንዘብ ይከፍለኛል፤
እኔ እንከን ስዬ እንጀራ ይገኛል።

ምድጃው ስምንት መቶ ሊደርስ መብራት ጠፋ፤
ጥርሱ ግማሽ በስሎ እንደ ኖራ ከፋ።
እንደገና ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን
ልኩን አገኘሁት፣ ኤ ሦስት ተኩልን።
ማስታወቂያ ላይ የለም፤ ማንም አይመርጠውም፤
የኖረ ሰው ቀለም ሌላ ስም የለውም።

ሐኪሙ ሲያጣብቀው ቆሜ አየሁ ከበሩ።
መስታወቱን ናቀች፤ ከጉያ ወጣ ክሩ።
በፍንጭቷ መሀል ሳብ አረገች፣ አለፈ፤
«ልክ ነው» አለችን። ልቤ ያኔ ዐረፈ።
ሐኪሙ ግን ጮኸ፦ «እንዳትቆርጪበት!
ሴራሚክ ነው ይሄ፤ መቀስ ግዢለት።»

ወር አልፎ አንድ ማታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤
መረብ ከተሰጣበት ከዋርካው ሥር ደረስኩ።
መቀስ አንጠልጥላ ካንገቷ በገመድ፣
ክሩን ወደ አፏ ስትል በድሮው ልማድ፣
እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ራሷን ታዝባ፣
ከት ብላ ሳቀች፣ ፀሐይዋ ስትገባ፣
ያለ ሻሽ፣ ያለ መዳፍ።

አፈጠጥኩባት እኔ። የሠራሁትን ጥርስ
ከዚያ ሳቅ ውስጥ ልለይ ዓይኔ ሲመላለስ፣
የማር አንገቱን ሲያስስ፣ ስንጥቁን ሲያስስ፣
የቀኙ እንደሆነ እያወቅኩኝ፣ ጠፋኝ።
ቆሮሶ ጠቅልላ፣
«ቀኙ ነው፣ ሞኝ!» አለችኝ።