የአንዲት ጠጉር ውፍረት

መብራት ዛሬም የለም፤ ሦስት ቀን ሆነው፣
የመሐል ሜዳን ፀሐይ ነው የማምነው።
የማይክሮስኮፑን ክብ መስታወት ይዤ፣ ለጥቂት ብርሃን ልመና፣
ደመና ሲገለጥ አያለሁ፤ ሲከደን እጠብቃለሁ እንደገና።

ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ከጓሳ ግርጌ የመጣች፣
በጥቁር በናዋ ተጠቅልላ በሬ ላይ ቆማለች።
እንዝርት ይዛለች፤ ወረፋ ስትጠብቅም ትፈትላለች፣
ሳል ሲመጣ ታቆማለች፣
ሲያልፍላት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

«ልጄ፣» አለችኝ፣ «ሁለት ክረምት ሙሉ ያሳለኝን፣
እንቅልፌንም ሥጋዬንም የበላብኝን
አየኸው ይላሉ። ንገረኝ፣ ስንት ነው ቁመቱ?
በክንድ ነው በስንዝር? ሰው እንዲህ ሲጥል፣ ከየት መጣ ጉልበቱ?»

ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ሳለሁ ሁሉ ነገር በማይክሮን ነበር፤
እዚህ ማይክሮን ብል ማን ያውቀዋል፣ የማን ልጅ ነው፣ የየት መንደር?
ክንድ ስንዝር ይሆናል፣ ስንዝር በጋት ያልቃል፣
ጋት በጣት፣ ጣትም በገብስ ፍሬ ይደቃል፤
ከገብሱ ወዲያ ግን የአያቶቼ መለኪያ
ደረጃው አለቀ፤ ገደል ነው መቆሚያ።

ከእንዝርቷ ጫፍ አንዲት ጠጉር መዘዝኩ፣
«ይቺን እዪ፣ እማማ» ብዬ ወደ መስኮቱ ያዝኩ።

«ርዝመቷን ተዪና ውፍረቷን አስቢው፤
ወንዝ ነው በዪ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሻገሪው።
የደምሽ ህዋስ፣ ቀዩ፣ ክብ እንደ ሰፌድ፣
አራት ጎን ለጎን ሆኖ ይሞላል ያን መንገድ።
የሚያስልሽ ደግሞ፣ ያ ቀጭኑ ዘንግ፣
አስር ራስና እግር ሆኖ ይተኛል በጠጉሯ ስፋት፣ በዚህች ነጭ በግ።
ከሱም ያነሰ አለ፣ ጉንፋን የሚያመጣው፣
ሦስት መቶ ተሰልፎ ነው ወንዙን የሚሞላው፤
ይህ የኔ መነጽር እሱን አያየው።»

«ትልቁስ?» አለች። «ትልቅ የለም እዚያ አገር?»
«አለ እንጂ። የሴት እንቁላል። መርፌ ወረቀት ወግቶ
ጫፉ ብቻ ቢያልፍ፣ ያቺን ያህል ነቁጥ ይሆናል፤
የሰላ ዓይን ያለው ሰው ያለ መነጽር ያየዋል።»
ጣቶቿን ቆጠረች። «ሰባት ወልጄ ነበር።
ሰባት ነቁጥ ነው የተሸከምኩት?» ብላ ሳቀች፤
ሳሏ ሳቋን ቀማት፤ ዝም አለ ነገር።

ጠጉሯን ከመነጽሩ ሥር አኖርኩላት። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
በናዋን አፏ ላይ ይዛ ጎነበሰች። ፀሐይ ወጣችና፦
«ኧረ በማርያም! ቅርፊት አለው እንደ ዓሣ፣
እንደ ጎጆ ክዳን፣ የተደራረበ ጓሳ!
አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የምፈትለው?
ማነው እዚህ ድረስ ወርዶ እንዲህ አድርጎ የከደነው?»

በሽታዋን ረስታው ነበር። እኔም አላስታወስኳት፣
መዝገቡ ላይ ግን በቀይ ሦስት መደመር ጽፌባት።

ገብስ ተዘራ፣ ታጨደ፤ ውርጩም መጥቶ ሄደ፣
ሳሉ ከደረቷ እያነሰ፣ እያነሰ ወረደ።
በስድስተኛው ወር የሰጠችኝ አክታ ምራቅ ለማለት ትንሽ ቀረው።
ቀለም ቀባሁ፣ በነበልባል አሞቅሁ፣ አጠብኩ፤ ጠብታ ዘይት።
መሐል ሜዳ ተቀምጬ መቶ ሜዳ ዞርኩበት፣
ሰማያዊ ብቻ፤ አንዲት ቀይ ዘንግ አጣሁበት።
ያለን መቁጠር ቀላል ነው፦ ዘንግ አንድ፣ ዘንግ ሁለት፤
የሌለን መቁጠር ነው አንገት የሚሰብር፣ እስከ ምሳ ሰዓት።
ባዶ በስንዝር አይለካ፣ በማይክሮንም አይደለም፤
መቶው ሁሉ መታየት አለበት፤ ግማሽ «የለም» የለም።

መዝገቡን ገለጥኩ። ስሟን እንደ ስም ነበር የማነበው፤
ዛሬ ግን ሳየው አንድ ሙሉ ወሬ ነው፦
በለጥሻቸው።

«ያቺ ጠጉርስ?» አለችኝ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣
«የት ጣልካት?»
አልጣልኳትም። መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣
በሁለት መስታወት መሐል ተከልላ።
ብርሃን ሲኖር አያታለሁ።
አሁን ግን ደመና ነው።