ዜሮ ባዶ አይደለም

ሐሙስ ማታ፣ ረሖቮት፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣
ቢሮው ሁሉ ጨልሞ፣ የኔ ስክሪን ብቻ ነዶ፣
የክሊኒኩን መዝገብ ገጽ በገጽ ስፈትሽ
አንድ የማውቀው ስም መጣ፤ የእናቴ ታናሽ፣ አወጣሽ።

ስልኳ አለ። ሐኪሟ አለ። የቀጠሮዋ ተራ ቁጥር።
"የትውልድ ቀን" ከሚለው ፊት ግን ነጭ፤
አንዲት ነጥብ እንኳ የለም ለምስክር።

ቀን እኮ ነበራት፤ በመጣች ሰሞን ያደሏት፣
ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ አንድ ጸሐፊ ፊት አቁመዋት።
"መቼ ተወለድሽ?" አላት አስተርጓሚው።
"አንበጣው በወረደ ዓመት፣ ሽምብራው ሳይሰበሰብ" አለችው።
ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን ለአንበጣ አይበቃ፣
ለሽምብራም አይበቃ፤
ጸሐፊው ዓይኑን አሽቶ፣
"ጃንዋሪ አንድ፣ ሰባ" ብሎ ማኅተሙን መትቶ
ቀጣዩን ጠራ። በቃ።

ማሽንም እንደ ሰው የዘመን መነሻ አለው፤
ሰከንድ መቁጠር የሚጀምረው
ከዚያችው ቀን ነው፣ ከግሪንዊች እኩለ ሌሊት።
ያቺ ሰከንድ ዜሮ ናት።
የአክስቴም ልደት ዜሮ ተብሎ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ፣ ሌላ ማንንም አልከስም፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቸኩዬ
"ቁጥር ካለ አሳይ፣ ከሌለ እለፍ" ብዬ፣
ዜሮን ከ"የለም" ጋር አንድ ጆንያ ከትቼ
እንቅልፌን ተኝቼ።
ማሽን ታዛዥ ነው፤ ያሉትን ይሰማል፤
ገጹ በተከፈተ ቁጥር አክስቴን ዘሎ ያልፋል።

አንዲት መስመር ነበረች፤ አስተካከልኳት።
ነጩ ቦታ ሞላ፤ ከቀኑም ጎን፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ሰዓት መጣላት፤
እስራኤል ግሪንዊችን በሁለት ሰዓት ትቀድም የለ?
02:00 አለ።

ዓርብ ጠዋት ደወልኩ፤ ለሰንበት ቤቷን ትወለውላለች።
"አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ላይ ተወለደች ይልሻል" ስላት በቀልድ፣
የመወልወያው ድምፅ ቆመ።
"ማን ነገረው?" አለች።
"እናቴም እንዲያ ነበር የምትለኝ፤ ፀሐይ ወጥታ፣
ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሁለት ሰዓት ግድም፤
ለማንም ግን አልተናገርኩም።"

እኔ ያልኳት የሌሊቱን ነው፤ የሰማችው የጠዋቱን።
በሁለት ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል
ስድስት ሰዓት እንዳለ አላስረዳኋትም።

ልደት ሰዓት አያሻውም፤ ከገጹ መውጣት ነበረበት፤
አውቃለሁ።
እስከ እሑድ ተውኩት።